በሕትመት ላይ የተሠራ ሥዕል ሳይጠየቅ ከውድድር አይውጣ

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በአዲስ አበባ በተካሄደ አንድ የተማሪዎች የሥዕል ውድድር፣ ከምኖርበትና ከማስተምርበት ከሱሉልታ የተላከ አንድ የመልክዐ ምድር ሥዕል በመጀመሪያው ማጣሪያ ወድቆ ተመልሶልናል። አብራው የመጣችው ማስታወሻ ሥራው በታተመ ምስል ላይ ጠመኔ በሚመስለው ቀለም በፓስቴል የተቀባ በመሆኑ እንደ ወጥ ፈጠራ እንደማይቆጠር ትገልጻለች። አዘጋጆቹን በስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለው አስተሳሰብ በየትምህርት ቤቱና በየሥዕል መሸጫው የሚሰማ ስለሆነ፣ ስም መጥራቱ ሰፊውን ጉዳይ ያጠበዋል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከሽልማቱ በላይ ደንቡ ነው። በሕትመት ላይ የተሠራ ሥዕል እንዴት እንደተሠራ ሳይጠየቅ በጅምላ የሚወድቅ ከሆነ፣ በሥዕል ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የተሰጣቸውን ሥራዎች ጭምር የሚጥል ደንብ ይዘን ልጆች እየዳኘን ነው ማለት ነውና፣ ይህ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከእነዚያ ሥራዎች መካከል በቀዳሚነት የማነሣው የፈረንሳዊውን የኤድጋር ዴጋን መልክዐ ምድሮች ነው። ዴጋን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በባሌት ዳንሰኞቹና በፈረስ ግልቢያ ሥዕሎቹ ነው። ኢምፕሬሽኒስቶች ከሚባሉት፣ የቅጽበትን ብርሃንና ቀለም ለመያዝ ይጥሩ ከነበሩት ሠዓሊዎች ጋር አብሮ ሥራውን ያሳይ እንጂ፣ ከእነሱ መካከል እንደ ክሎድ ሞኔ ሸራ ተሸክሞ ሜዳ ላይ ቆሞ መሣልን ፈጽሞ የማይወድ፣ ይህንንም በግልጽ የሚናገር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 በመኸር ወራት፣ ከወዳጁ ከቀራጺው ፖል አልቤር ባርቶሎሜ ጋር አንድ ነጭ ፈረስ በሚስበው ቀላል ጋሪ ከፓሪስ ተነሥቶ ቡርጎኝ ወደሚባለው የፈረንሳይ ክፍል ተጓዘ። መድረሻቸው ዲዬኔ የምትባል መንደር ነበረች፤ በዚያ የሚኖረው ሠዓሊ ፒየር ዦርዥ ዣኒዮ በቤቱ የሥዕል ማተሚያ ነበረውና፣ ዴጋ በመንገድ ሲያልፍ ያየውን አገር እዚያው ሆኖ ከትዝታው ማውጣት ጀመረ።

ዣኒዮ ከብዙ ዓመታት በኋላ ያሳተመው ትዝታ አሠራሩን በቅርብ ያሳየናል። ዴጋ የብረት ገበታ ተቀብሎ ቀለም ከቀባበት በኋላ፣ እየዳበሰና እየጠረገ፣ ፊት ለፊቱ ምንም የሚያየው ነገር ሳይኖር፣ ሸለቆውን፣ ሰማዩን፣ ነጫጭ ቤቶቹን፣ ቅርንጫፋቸው የጠቆረ የፍሬ ዛፎችን፣ የዝናብ ውሃ ያቆሩ የጋሪ መንገዶችን ሳይቀር አንድ በአንድ ያወጣ ነበር። ከዚያ ወረቀት ይጫንበትና በማተሚያው ውስጥ ያልፋል፤ የታተመውም በገመድ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። በአንድ ጠዋት ሦስት አራት ያህል ያትሙ ነበር። በመጨረሻም ዴጋ ፓስቴል አምጡልኝ ይላል። ዣኒዮ ከሕትመቱም አብልጦ ያደነቀው ይህንን የመጨረሻውን ሥራ፣ ማለትም በፓስቴሉ ላይ የታየውን የቀለም ምርጫና የትዝታውን ትኩስነት ነው። የተማሪያችን ሥዕል የወደቀው እንግዲህ በዚሁ አሠራር ምክንያት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ይህ አሠራር ሞኖታይፕ ይባላል። ገበታው በመሣሪያ አይፈለፈልም፣ በአሲድም አይበላም፤ ቀለሙ በለስላሳው ገጽ ላይ እንዲሁ ስለሚያርፍ፣ አንድ ወረቀት ሲጫንበት አብዛኛው ተነሥቶ ከወረቀቱ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛ ወረቀት ቢጫንበት የሚገኘው የደበዘዘ ጥላ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚረባ ነገር አይወጣም። ስለዚህ ከአንድ ገበታ መቶና ሺህ ቅጂ የሚያወጣው የማተሚያ ቤት ሥራ ከዚህ ጋር አንድ ሊባል አይችልም። ዘዴውን በ17ኛው መቶ ዘመን የጣሊያኗ የጄኖቫ ተወላጅ ሠዓሊ ጆቫኒ ቤኔዴቶ ካስቲልዮኔ ተጠቅሞበታል፤ ዴጋ ደግሞ በ1870ዎቹ አጋማሽ ከወዳጁ ከሉዶቪክ ሌፒክ ተምሮት፣ የመጀመሪያ ሙከራቸውን ሁለቱም ፈርመውበታል። በ1877 ኢምፕሬሽኒስቶቹ ባዘጋጁት ሦስተኛ ዐውደ ርእይ ላይ በሞኖታይፕ ላይ በፓስቴል የተሠሩ ሥዕሎችን ለሕዝብ አቅርቧል፤ በአንድ የካፌ ደጃፍ በምሽት የተቀመጡትን ሴቶች የሚያሳየው ዝነኛ ሥራው ከእነዚህ አንዱ ነው። በጠቅላላው ከ300 በላይ ሞኖታይፖች እንደሠራ ይታወቃል። የደበዘዘውን ሁለተኛ እትም ሌላው ሰው ቢጥለው፣ እሱ ብዙ ጊዜ ፓስቴሉን የሚያሳርፈው በዚያው ላይ ነበር፤ ብርሃኑና ጥላው አስቀድሞ ተቀምጦለታልና፣ ቀለም ለማናገር ሜዳው የሱ ነው።

የቡርጎኝ ሥራዎች ከቀደሙት የሚለዩበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ቀድሞ በጥቁር የማተሚያ ቀለም ይሠራ የነበረው ሰው አሁን ገበታውን በዘይት ቀለማት፣ በአረንጓዴና በቀይ፣ በሰማያዊና በቡናማ መቀባት ጀመረ። በማተሚያው ግፊት ቀለሙ ተዘርግቶ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ ሥሥና ጠፍጣፋ የሆነ፣ ጭጋግ የመሰለ መደብ ይሰጣል። ፓስቴሉ ግን ዱቄት ስለሆነ ከላይ ይቀመጣል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ከታች ካለው ቀለም ተለይቶ ይታያል። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ፣ አንዱ ሩቅ ሌላው ቅርብ ሆኖ የሚታይ ጥልቀት ይፈጠራል፤ ይህን ጥልቀት በፓስቴል ብቻ ወይም በሕትመት ብቻ ማግኘት አይቻልም። በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ ኮረብታው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር መናገር ያስቸግራል። በእኔ እምነት ዴጋ በመልክዐ ምድር ላይ ከዚህ የተሻለ አልሠራም፤ አብዛኞቹ ከ30 በ40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ትናንሽ ወረቀቶች ሆነው ሳለ፣ የያዙት ስፋት ግን ትልቅ ሸራ ከሚይዘው አያንስም።

ዴጋ ከእነዚህ ሥራዎች 20 ያህሉን በ1892 በፓሪሱ የዱራን ሩዌል ጋለሪ አሳየ። ዕድሜው ወደ ስድሳ እየተጠጋ ነበር፤ ለብቻው ዐውደ ርእይ ሲያቀርብ ግን ያ የመጀመሪያው ነው። ከሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1891፣ በዚያው ጋለሪ ሞኔ 15 የእህል ክምር ሥዕሎቹን አሳይቶ ነበር። ሞኔ ከክምሩ ፊት ቆሞ የብርሃኑን መለዋወጥ ሲከታተል፣ ዴጋ በአንጻሩ ከጋሪና ከባቡር መስኮት ያየውን ከትዝታው አወጣ። የዘመኑ ሰው ሁለቱንም አየ። ዛሬም ሁለቱም በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተሰቅለው ይታያሉ፤ የዴጋን መልክዐ ምድር ሕትመት ስላለበት ብሎ ያወረደ ቤተ መዘክር አላውቅም።

አሁን ወደ ሱሉልታ ልመለስ። አገራችን ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ጥቢው አልፎ ሣሩ ሲደርስ ይታጨድና ድርቆሹ በየቦታው ይከመራል። ከዓመት ዓመት ግን ሜዳው እየታጠረ፣ በቆርቆሮ እየተከለለ፣ ግንባታ እየቆመበት ነው። ተማሪዬ የሠራችው አያቷ ከብት ያሰማሩበት የነበረውን አንድ መስክ ነው፤ ዛሬ በቦታው ብትቆም የሚታያት የቆርቆሮ አጥር ስለሆነ፣ በልጅነቷ ያየችውን ከማስታወስ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራትም። ስለ ዴጋ የነገርኳትም ከጀመረች በኋላ ነው። ትዝታዋን እንዴት ልታወጣው እንደምትችል ስትጠይቀኝ፣ ይህንን ዘዴ አሳየኋት።

ገበታ የሆነላት ማተሚያ ቤቶች ተጠቅመውበት የሚያስወግዱት፣ ሠራተኞቹ ፕሌት የሚሉት ሥሥ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ነው። የማተሚያ ቀለም፣ ጥቁሩን ከጥቂት ሰማያዊና አረንጓዴ ጋር አደባልቃ በካርቶን ቁራጭ ዘረጋችበት። የማለዳውን ጉም በአሮጌ ጨርቅ እየጠረገች አወጣችው፤ በጨርቁ ጫፍ ጠበቅ አድርጋ ያነሣችው ቦታ ሰማይ ሆነ፣ ለስለስ አድርጋ የነካችው ደግሞ ሜዳው ላይ የተኛ ጭጋግ ሆነ። የባሕር ዛፎቹን ግንዶች በክብሪት እንጨት ጫረቻቸው። ማተሚያ ስለሌለን፣ ረጠብ ያለ ወረቀት ጭና ጀርባውን በሾርባ ማንኪያ ሆድ ከዳር እስከ ዳር አሸችው። የመጀመሪያው እትም ጠቁሮ ወጣ፤ ሁለተኛው ገርጥቶ። እንዲደርቅ ሰቅላ ከተወችው በኋላ በገረጣው ላይ ፓስቴሏን ይዛ ተቀመጠች። በድርቆሽ ክምሮቹ ላይ ያረፈው ቢጫ ከሥሩ ያለውን ግራጫ ሙሉ በሙሉ አልሸፈነውም፤ በጭረቶቹ መካከል ግራጫው ብቅ እያለ ክምሩን ጤዛ የጠጣ አስመስሎታል። በግራ በኩል ታች፣ ውሃው የተኛበትን ጥግ ምንም ሳትነካ በሕትመቱ ብቻ ተወችው። ይህንን ለመተው የሚያስፈልገውን ማስተዋል ያዩ ዳኞች ቢሆኑ ኖሮ፣ ማስታወሻዋ ሌላ ነገር ትል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዳኞቹ ያለ ምክንያት አልተጠራጠሩም፤ ይህንንም መናገር ፍትሐዊ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶግራፍ ወይም የሌላ ሠዓሊ ሥራ በሸራ ላይ ታትሞ፣ ከላዩ ጥቂት ቀለም ወይም አንጸባራቂ ቅብ ተደርጎበት፣ እንደ እጅ ሥራ ይሸጣል። ወደ ውድድርም ይመጣል። ይህ ማታለል ነው፤ ገዢንም፣ በላቡ የሚሠራውን ሠዓሊም ይጎዳል። ዳኞች ይህን ለመከላከል መጠንቀቃቸውን እደግፋለሁ። ጥንቃቄው ግን መመርመርን ይጠይቃል፤ ያለ ምርመራ ሁሉንም መጣል የሚቀጣው ሐቀኛውን ልጅ ነው። አታላዩማ የታተመ መሆኑን አይናገርም፤ የኛ ልጅ የወደቀችው በቅጹ ላይ አሠራሯን በግልጽ ስለጻፈች ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። በማሽን የታተመ ምስል በማጉያ መነጽር ሲታይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ወጥ በሆነ መልክ ተረጭተውበት ይገኛሉ። በእጅ በተሠራ ሞኖታይፕ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የጨርቁ ጭረት፣ የብሩሹ ጸጉር፣ አንዳንድ ጊዜም የሠሪው የጣት አሻራ ይታያል፣ ቀለሙም አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ይሳሳል። የገበታው ጠርዝ በወረቀቱ ዳር መስመር ይተዋል። ወረቀቱ ቢገለበጥ ማንኪያው ያሸበት ጀርባው ላይ ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ምስሉ ከገበታው ወደ ወረቀቱ ሲያልፍ ግራና ቀኙ ይለዋወጣል። በተማሪዬ ሥዕል ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጎ ለቆመ ሰው የእንጦጦ ተራራ በስተቀኝ መሆን ሲገባው በስተግራ ቆሟል፤ ሱሉልታን የሚያውቅ ዳኛ ይህንን አንዲት ነገር አይቶ ብቻ፣ ምስሉ ከፎቶግራፍ ተወስዶ እንዳልታተመ ሊጠረጥር ይችል ነበር።

ሕትመት የሥዕል ወገን መሆኑ ለአገራችንም አዲስ ነገር አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሕትመት ራሱን ችሎ ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው፤ ጀርመን ተወልዶ ብራዚልን አገሩ ያደረገው የእንጨት ሕትመት ጌታ ሐንሰን ባሂያ በዚያ አስተምሯል፣ እንደ ዘሪሁን የትምጌታ ያሉ ታላላቅ ሠዓሊዎቻችንም በእንጨት ሕትመት ሠርተዋል። ከአንድ የእንጨት ገበታ ብዙ ቅጂ የሚወጣበትን ሥራ እንደ ሥነ ጥበብ ተቀብለን እያከበርን፣ ከአንድ ገበታ አንድ ሙሉ እትም ብቻ የሚወጣበትን፣ በዚያም ላይ እንደገና በእጅ የተሠራበትን፣ ቅጂ ነው ብለን መጣላችን ለእኔ የሚያስማማ አይደለም።

ከአዘጋጆች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመወዳደሪያው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ ሥራው ሕትመት ካለበት፣ ገበታውን የሠራው ማን ነው፣ ምስሉስ ከየት መጣ የሚል። ገበታውን የሠራው ተወዳዳሪው ራሱ ከሆነ፣ ሥራው እንደ ማንኛውም ሥዕል በጥራቱ ይዳኝ። ምስሉ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ከሆነ፣ ይህ ታውቆ በዚያው መጠን ይመዘን ወይም ይውጣ። ጥርጣሬ ካለም ተወዳዳሪው ገበታውንና የመጀመሪያውን እትም እንዲያመጣ መጠየቅ ይቻላል፤ በእውነት የሠራ ሰው ያቀርበዋል። መምህራንም ልጆች እነዚህን እንዳይጥሏቸው ከወዲሁ ብንነግራቸው ጥሩ ነው።

ከዚሁ ጋር የአያያዙን ነገር ማንሣት ግድ ይለኛል፤ ሥዕሉ የተመለሰልን ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ነውና። ደረቅ ፓስቴል፣ በትምህርት ቤቶች ከተለመደው ኦይል ፓስቴል የተለየ ነው። ኦይል ፓስቴል ሰምና ዘይት ስላለበት ወረቀቱን ይይዛል፤ ደረቁ ግን በጥቂት ማጣበቂያ የተያዘ የቀለም ዱቄት በመሆኑ፣ በተለይ ቅባት ባለው የሕትመት ቀለም ላይ ሲያርፍ፣ ሲነካ ይነሣል። በተማሪዬ ሥዕል ላይ የድርቆሹ ቢጫ ወደ ሰማዩ ተልጦ ሄዷል፤ ጉሙ በነበረበት ቦታ አሁን የቆሸሸ ቢጫ መስመር አለ። እንዲህ ያለ ሥራ በሁለት ካርቶን መካከል ተዘርግቶ መያዝ፣ ከላዩም ለስላሳ ወረቀት ሊደረግለት ይገባል። ፍሬም ውስጥ ሲገባም መስተዋቱ ዱቄቱን እንዳይነካው በመካከሉ የካርቶን ክፈፍ ያስፈልገዋል። ቤተ መዘክሮች በወረቀት ላይ የተሠራ ፓስቴልን ከኃይለኛ ብርሃን የሚያርቁትና ዓመቱን ሙሉ ሰቅለው የማይተዉት ቀለሙ ስለሚደበዝዝ ነው፤ እኛ ያንን ያህል ባንችል እንኳ፣ የልጆችን ሥራ ሳይጠቀለል ተቀብለን ሳይጠቀለል መመለስ አያቅተንም።

ተማሪዋ ፕሌቱን አጥባ አስቀምጣዋለች፤ ጠቆር ያለው የመጀመሪያው እትምም በእጇ ይገኛል። አዘጋጆቹ ፈቃደኛ ቢሆኑ፣ ሁለቱንም ይዛ ቀርባ በፊታቸው ሌላ ለመሥራት ዝግጁ መሆኗን እንዳሳውቅላት ጠይቃኛለች። የሚያስፈልጋት አንድ ጠረጴዛና ወረቀቱን የምታረጥብበት ውሃ ብቻ ነው፤ ሌላውን ከሱሉልታ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥዕል መምህር፣ ሱሉልታ